ለወረታ ሻወር የሚስማማ መርጫ

ወረታ የመንገደኛ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወጣው አስፋልትና ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደ ጋይንት፣ አልፎም እስከ ወልዲያ የሚዘልቀው መንገድ የሚለያዩት እዚህ ነው። የጭነት መኪና ሾፌሩ፣ የሩዝና የሽንኩርት ነጋዴው፣ ለሥልጠና የመጣው የግብርና ባለሙያ ያድርባታል። አልጋ የሚጠይቅ ሰው ዛሬ ሻወር መኖሩንም አብሮ ይጠይቃል፤ በግል መኖሪያ ቤትም ቢሆን ሮቶ ሰቅሎ አንዲት ጠባብ ክፍል ሴራሚክ ማልበስ እየተለመደ መጥቷል። ክፍሏ ተሠርታ ብዙ ወራት ሳይቆጠሩ ግን የሻወሩ ራስ ነጭ ቅርፊት ይይዛል፣ ሴራሚኩ ግራጫ ለብሶ ይደበዝዛል፣ ጥጋጥጉ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል። ያኔ አብዛኛው ቤት እጁን የሚዘረጋው ወደ አንድ ነገር ነው፤ ወደ በረኪና።

ነጩ ቅርፊት፣ ግራጫው ሽፋንና ጥቁሩ ነጠብጣብ ግን በአንድ ስም «ቆሻሻ» ይባሉ እንጂ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሁለቱን በረኪና አይነካቸውም፤ ሦስተኛውንም ቢሆን የሚያሸንፈው ለጊዜው ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሚሆነው ኮምጣጤ ወይም ሎሚ፣ ውሃና ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ያለበት፣ እዚያው ቤት የሚዘጋጅ መርጫ ነው። ለሦስተኛው ደግሞ ከማንኛውም ፈሳሽ በፊት አየርና ደረቅ ግድግዳ ይቀድማል። መርጫን በቤት መሥራት የሚደገፈው ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የሚሠራው ሰው ምን ከምን ጋር እንደተዋሐደ ስለሚያውቅ ነው። ይህ እውቀት በሌለበት የቤት መርጫ ከገበያ ከሚገዛው የባሰ አደጋ አለው፤ ስለዚህ አሠራሩን ከነምክንያቱ ማወቅ ይገባል።

ነገሩ የሚጀምረው ከውሃው ነው። የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተዘረጋ ደለል ለበስ መሬት ነው። ከጉና ተራራ በኩል የሚወርዱት ርብና ጉማራ በየክረምቱ ጥቁር አፈር እያመጡ አነጠፉት፤ ከደለሉ ሥር ያለው ግን የጥንት እሳተ ገሞራ የተወው ባዛልት ድንጋይ ነው። የዝናብ ውሃ ከሰማይ ሲወርድ ማዕድን የለውም ማለት ይቻላል። አፈር ውስጥ ሲሰርግ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዝና በጣም ደካማ አሲድ ይሆናል፤ በድንጋዩ ስንጥቅ እያለፈ ካልሲየምና ማግኒዚየም ያሟሟል። ከጉድጓድ ተስቦ በቧንቧ የሚመጣው ውሃ እነዚህን ማዕድናት ይዞ ነው። ለጤና ጉዳት የላቸውም፤ እንዲያውም ለሰውነት ያስፈልጋሉ። ሻወር ቤት ውስጥ ግን ውሃው ጠብ ብሎ ሲደርቅ እነርሱ አይተኑም፤ በነጠብጣቡ ቦታ ካልሲየም ካርቦኔት ሆነው ይቀራሉ። ነጠብጣብ በነጠብጣብ ላይ ሲደርቅ ቅርፊት ይሆናል። የኖራ ድንጋይ የሚባለውም በአብዛኛው ይኸው ካልሲየም ካርቦኔት ነው።

ግራጫው ሽፋን ከዚያው ማዕድን ቢወለድም ሁለተኛ ወላጅ አለው፤ እሱም ሳሙና ነው። ደረቅ ሳሙና ስብና ኮስቲክ ሶዳ ተዋሕደው የሚሠራ ነው። አረፋ የሚሰጠው ውሃ ውስጥ ስለሚሟሟ ነው፤ ካልሲየምና ማግኒዚየም ካገኘ ግን ከእነርሱ ጋር ይያያዝና የማይሟሟ፣ የሚያጣብቅ ነገር ይሆናል። ሳሙና የሚበላ ውሃ የሚባለው ይህን የሚያደርገው ነው፤ አረፋው እስኪመጣ ድረስ ሳሙናው ይባክናል፣ የባከነውም ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ከሰውነት የታጠበ ቅባትና የቆዳ ብናኝ ይጨመርበትና በጣት ሲነኩት የሚያዳልጥ፣ ሲደርቅ አመድማ የሚመስል ሽፋን ይወጣል። ሦስተኛው፣ ጥቁሩ ነጠብጣብ፣ ሕይወት ያለው ሻጋታ ነው። እርጥበት፣ ጨለማና ይህንኑ የሳሙና ሽፋን ይወዳል። ስለዚህ ግራጫው ሽፋን ካልተነሳ ሻጋታውን ማጥፋት ለሻጋታ ቀለቡን ትቶ እሱን ብቻ ማባረር ነው፤ ተመልሶ ይመጣል።

የትኛው ቆሻሻ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ንጹሕ የላስቲክ ጠርሙስ ግማሽ ድረስ የቧንቧ ውሃ ይሞላና ጥቂት የተፋቀ ደረቅ ሳሙና ተጨምሮ ይናጣል። አረፋው ቶሎ ተነስቶ ውሃው ከሥሩ ጥርት ካለ ማዕድኑ ጥቂት ነው። አረፋው እምቢ ብሎ ውሃው ደፍርሶ ዝቃጭ ካሳየ ብዙ ነው። ክረምት ላይ ከጣሪያ በተጠራቀመ ውሃ ተመሳሳዩን ቢሠሩ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ቅርፊቱን ለመለየት ደግሞ አንድ ጠብታ ኮምጣጤ ላዩ ላይ ማንጠብጠብ ይበቃል፤ ደቃቅ አረፋ እያወጣ ከተንተከተከ ካርቦኔት ነው፣ አሲድም ይለቀዋል። ዝም ካለ ወይ የሳሙና ሽፋን ነው፣ ወይ ደግሞ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ያለፈ ውሃ የሚተወው ሲሊካ ነው። ሲሊካን ኮምጣጤ አያሟሟውም፤ እሱን ከመጀመሪያው እንዳይደርቅ ማድረግ እንጂ በኋላ ማስለቀቁ አድካሚ ነው። ቡናማ ነጠብጣብ ከሆነ ብረት ነው፤ ለብረት ከኮምጣጤ ሎሚ ይሻላል፣ ምክንያቱም የሎሚው አሲድ ብረቱን ይዞ ከውሃው ጋር ይወስደዋል። በረኪና ግን የብረትን እድፍ ያጠብቀዋል እንጂ አያነሳውም።

አሁን ወደ መርጫው እንምጣ። በየሱቁ የሚሸጠው ነጭ ኮምጣጤ በተለምዶ 5 በመቶ ገደማ አሴቲክ አሲድ ነው። እኩል ውሃ ተቀላቅሎበት፣ በአንድ ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ ቢደረግበት መርጫው አለቀ። አሲዱ በቅርፊቱ ላይ የሚሠራው ግልጽ ነው፤ ካልሲየም ካርቦኔቱን በውሃ ወደሚሟሟ ነገር ይለውጠዋል። በሳሙናው ሽፋን ላይ የሚሠራው ግን ግማሹን ብቻ ነው። ካልሲየሙን ከስቡ ያላቅቀዋል፤ የተላቀቀው ስብ በውሃ ስለማይሟሟ ግድግዳው ላይ ይቀራል። ያን የሚያነሳው ፈሳሹ ሳሙና ነው። ለዚህ ነው ኮምጣጤ ብቻውን የረጨ ሰው ሴራሚኩ ከታጠበም በኋላ ቅባት ቅባት የሚልበት። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ የሚጨመረው ብዙው ሰው ላርጎ የሚለው የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ እንጂ የተፋቀ ደረቅ ሳሙና መሆን የለበትም። ደረቅ ሳሙና አሲድ ሲያገኝ ወደ ስብነቱ ይመለሳል፣ ጠርሙሱ ውስጥ ይረጋል፣ የመርጫውንም ቀዳዳ ይደፍናል። በቤት የሚሠራ መርጫ ከሚከሽፍባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

አጠቃቀሙ ላይ ችኮላ ሁሉን ያበላሻል። ረጭቶ ወዲያው ማጠብ ከንቱ ነው፤ ደካማ አሲድ ጊዜ ይፈልጋል፣ ከአሥር እስከ ሃያ ደቂቃ ሳይደርቅ መቆየት አለበት። ከዚያ በስፖንጅ ታሽቶ በብዙ ውሃ ይለቀለቃል፤ ክረምት ከሆነ የመጨረሻው መለቅለቂያ የጣሪያ ውሃ ቢሆን ሌላ ማዕድን ሳይተው ይደርቃል። የሻወሩ ራስ ቀዳዳዎች ከተደፈኑ ራሱን ነቅሎ ማንገላታት አያስፈልግም፤ ፌስታል ውስጥ ኮምጣጤ ጨምሮ፣ ራሱ እስኪነከር ድረስ በላስቲክ አስሮ ሌሊቱን ማሳደር ነው። በማለዳ ውሃውን ለቀቅ ሲያደርጉት ቅርፊቱ ተሰባብሮ ይወርዳል። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያለው ሻወር ከሆነ ግን ይህ ከመደረጉ በፊት ቆጣሪው ላይ ያለው ማጥፊያ መውረድ አለበት።

በሎሚ መሥራትም ይቻላል፤ ከጣና ዳር ከዘጌ የሚወጣው ሎሚ በአሲድ አያንስም። ችግሩ ጭማቂው ስኳርና ቃጫ መያዙ ነው። በነጠላ ጨርቅ ካልተጠለለ መርጫውን ይደፍናል፣ ካደረም ይበላሻል፤ ስለዚህ በዕለቱ ለሚያልቅ መጠን ብቻ ነው የሚሠራው። ፎገራ የሩዝ አገር ስለሆነ ሌላ ሐሳብም ይነሳል። እዚህ ሩዝ እንጀራ ብቻ ሳይሆን ጠላና አረቄም ይሆናል፤ የኮመጠጠ ጠላ ደግሞ አሴቲክ አሲድ አለው፣ ሩቅ ምሥራቅም ከሩዝ ኮምጣጤ ሲሠራ ኖሯል። ታዲያ ተጥሎ ከሚቀር ኮምጣጣ ጠላ መርጫ ለምን አይሠራም? ምክንያቱ አሲዱ ቀጭንና መጠኑ የማይታወቅ መሆኑ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጠላ ገና ያላለቀ ስኳር፣ እርሾና የጌሾ ቀለም የያዘ መሆኑ ነው። ግድግዳ ላይ ቢረጭ ሻጋታን ይመግበዋል። ነጩ ኮምጣጤ የተመረጠው ሲደርቅ ምንም ስለማይተው ነው፤ የተሻለ ነገር ከሩዙ እስኪገኝ ድረስ በዚህ ላይ ቁጠባ አያስፈልግም።

ኮምጣጤ ግን ለሁሉም ሻወር አይሆንም፤ ይህን ሳይናገሩ የሚያወድሱት ምክሮች ወረታን የመሰለ ከተማ አላዩም። እዚህ ሴራሚክ ያልለበሰው ሻወር ብዙ ነው። ወለሉ ሊሾ ከሆነ፣ ሲሚንቶው ራሱ የካልሲየም ውሁድ ስለሆነ አሲዱ ቅርፊቱንና ወለሉን ለይቶ አያውቅም። ደጋግሞ የተረጨበት ሊሾ ልስላሴውን ያጣል፣ አሸዋው ይወጣል፣ ሻካራውም ወለል ከበፊቱ ይልቅ ቆሻሻ ይይዛል። እብነ በረድም እንዲሁ ነው። ግቢ ውስጥ በቆርቆሮ የተከለለ ሻወር ከሆነ አሲዱ ቆርቆሮውን ከዝገት የሚጠብቀውን የዚንክ ሽፋን ይበላዋል። ለእነዚህ የሚሻለው አሲድ ሳይሆን ለብ ያለ ውሃና ላርጎ፣ የጠነከረውን ቦታ ደግሞ በቤኪንግ ሶዳ ለጥፎ በብሩሽ ማሸት ነው። በሴራሚኮቹ መካከል ያለው መሙያም ሲሚንቶ አለበትና እዚያ ላይ ኮምጣጤው ሳይቆይ ይለቅለቅ። ግንባታ ሲያልቅ ከሴራሚክ ላይ ሲሚንቶ ለማንሳት የሚጠቀሙበት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ደግሞ ለሳምንታዊ ጽዳት ፈጽሞ አይሆንም፤ ሳንባን ያቃጥላል፣ የብረት ቧንቧውንም ይበላል።

ቤኪንግ ሶዳና ኮምጣጤ አንድ ላይ ይቀላቀሉ የሚለው ምክር በጣም ተሰራጭቷል። ሲገናኙ የሚነሳው ብርቱ አረፋ ኃይለኛ መድኃኒት ያስመስላቸዋል። አረፋው ግን የሁለቱ መጠፋፋት ነው፤ አሲዱ ቤኪንግ ሶዳውን፣ ቤኪንግ ሶዳው አሲዱን ያመክነዋል። የሚቀረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውሃና ምንም የማያጸዳ ጨው ነው። በጠርሙስ ዘግተው ካስቀመጡት ደግሞ ጋዙ ጠርሙሱን ሊያፈነዳው ይችላል። አንዱ ሠርቶ ከታጠበ በኋላ ሌላው መምጣት ይችላል፤ አንድ ጠርሙስ ውስጥ ግን ሁለቱም ገንዘብ ማባከኛ ናቸው።

በረኪና ላይ የሚነሳው ተቃውሞ በጥሞና ሊሰማ ይገባዋል። «በረኪና ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል፣ ሁሉን ይገድላል፣ ሲታጠብበትም ነጭ ይሆናል» ይባላል። ርካሽ መሆኑ እውነት ነው፤ ተሕዋስያንን መግደሉም እውነት ነው። ውስጡ ያለው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ለረጅም ዘመን ጨርቅ ሲያነጣ፣ በሽታ ሲከላከል የኖረ ትልቅ ነገር ነው። የታመመ ሰው ባለበት ቤት፣ ተቅማጥና ትውከት በነካው ወለል ላይ ቦታው እርግጠኛ ነው፤ 5 በመቶ የሆነውን አንዱን እጅ ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ቢያቀጥኑት ለዚህ የሚበቃ 0.5 በመቶ ይሆናል። ቅርፊትን ግን አያሟሟም፤ በረኪና አሲድ ሳይሆን የአሲድ ተቃራኒ ነው። የሚያደርገው ቅርፊቱ የያዘውን ቀለም ማንጣት ነው፤ ይህም የተሰነጠቀን ግድግዳ ሳይጠግኑ ኖራ እንደመቀባት ነው። ነጭ የሆነው ግድግዳ በእጅ ሲዳሰስ እንደበፊቱ ሻካራ ነው፣ በሳምንቱም ቀለሙን መልሶ ይይዛል። ይህን ያየ ሰው መጠኑን ይጨምራል፣ አደጋውም የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው።

አደጋው የሚብሰው ደግሞ «አንዱ ካልሠራ ሁለቱ አንድ ላይ» ሲባል ነው። በረኪና ላይ ኮምጣጤ፣ ሎሚ ወይም ሌላ አሲድ ቢጨመር ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 22 ቀን 1915 ቤልጂየም ውስጥ ኢፐር በተባለው ግንባር በብዛት ተለቆ ወታደሮችን የፈጀው ነው። ሻወር ቤት ውስጥ የሚወጣው መጠን ከዚያ ጋር አይወዳደርም፤ ነገር ግን ክፍሏ ጠባብ ናት፣ መስኮቷ ከእጅ መዳፍ የማይበልጥበት ጊዜ አለ፣ የምታጸዳውም ሴት በሩን ዘግታ ጎንበስ ብላ ነው የምትሠራው። ዓይን ይለበልባል፣ ደረት ይጠብቃል፣ አስም ላለበት ሰው ሕይወት ያሰጋል። ሻወርና ሽንት ቤት በአንድ ክፍል በሆነበት ቤት ሌላም አለ፤ ሽንት አሞኒያ አለው፣ አሞኒያና በረኪና ሲገናኙም ክሎራሚን የሚባል የሚያንቅ ጋዝ ይፈጥራሉ። ስለዚህ ደንቡ አንድ ብቻ ነው፤ በረኪና ከውሃ በቀር ከምንም አይቀላቀልም፣ ኮምጣጤ በተረጨበት ቀንም ግድግዳው በደንብ ሳይታጠብ አይነካም። ሽታው ከተነሳ መጀመሪያ ከክፍሉ መውጣት፣ በሩን መክፈት፣ ማጽዳቱን ለሌላ ጊዜ መተው ነው።

ለሻጋታው ታዲያ ምን ይሁን? መልሱ በአብዛኛው ፈሳሽ አይደለም። ከሰኔ እስከ መስከረም ፎገራ ውሃ ላይ የተኛ አገር ነው፤ በእነዚያ ወራት ግድግዳ በራሱ ጊዜ አይደርቅም። ታጥቦ የወጣ ሰው ግድግዳውን በጨርቅ ወይም በላስቲክ መጥረጊያ ከላይ ወደ ታች ቢጠርግ፣ በሩንና መስኮቱን ክፍት ቢተው፣ ቅርፊቱም ሻጋታውም የሚኖሩበትን ውሃ ያሳጣቸዋል። ይህ ከየትኛውም መርጫ የሚበልጥ መሆኑን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ መርጫ የሚያስፈልገው ሳይጠረግ ለቀረው ነው። ሥር ለሰደደው ጥቁር ነጠብጣብ ከፋርማሲ የሚገዛው 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሳይቀጥን ተረጭቶ አሥር ደቂቃ ቢቆይ ይሠራል። ሥራውን ሲጨርስ ውሃና ኦክስጅን ሆኖ ነው የሚቀረው። ብርሃን ያበላሸዋልና በመጣበት ጠቆር ያለ ጠርሙስ ይቀመጥ፤ እሱም ቢሆን ከኮምጣጤ ጋር በአንድ ዕቃ አይቀላቀል፣ ሲቀላቀሉ ቆዳንና ዓይንን የሚያቃጥል ሌላ አሲድ ይሠራሉና።

ወረታን ከሌላ ከተማ የሚለያት ነገር የሚጀምረው የታጠቡበት ውሃ ወደ ፍሳሽ ጉድጓዱ ከገባ በኋላ ነው። በአገራችን ከአዲስ አበባ ውጪ ማዕከላዊ የፍሳሽ መስመር ያላቸው ከተሞች ጥቂት ናቸው፤ የሻወር ውሃ በአብዛኛው የሚገባው ግቢ ውስጥ ወደተቆፈረ ጉድጓድ ወይም ወደ ቦይ ነው። ፎገራ ላይ ክረምት ሲመጣ የከርሰ ምድር ውሃው ሽቅብ ይነሳል፤ ርብና ጉማራ ሞልተው ሲፈሱ፣ በ1998 ዓ.ም. ክረምት እንደሆነው፣ መንደርና ማሳ በውሃ ይዋጣል። ያኔ በጉድጓድ ያለው በጉድጓድ አይቀርም። ውሃው የሚሄድበትም ቦታ ባዶ ሜዳ አይደለም፤ ሸሸርና ወለላ የተባሉት ረግረጎች አሉ፣ ከእነርሱ ወዲያ ጣና አለ። በጣና ብቻ የሚገኙ ከደርዘን የሚበልጡ የባርበስ ዓሣ ዓይነቶች አሉ፤ ከእነርሱ አንዳንዶቹ ለመራባት በክረምት ከሐይቁ ወጥተው ርብንና ጉማራን ሽቅብ ይዋኛሉ። ዕንቁላላቸውን የሚጥሉት የእኛ እጥቢ ከሚወርድበት ተፋሰስ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ማጋነን አያስፈልግም። አንድ ቤት በሳምንት የሚጠቀማት አንዲት ስኒ በረኪና ጉድጓድ ውስጥ ካለው ቆሻሻ ጋር ተዋግታ ጣና ሳትደርስ ታልቃለች። ጣና ላይ የእንቦጭን አረም ያበዛውም በዋናነት የሻወር እጥቢ አይደለም፤ ከእርሻ የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ ድርሻው እጅግ ይበልጣል። ነገር ግን ብዙ ክፍል ያለው ሆቴል በየቀኑ በረኪና ሲያፈስ በጉድጓዱ ውስጥ ቆሻሻውን የሚያብላሉትን ባክቴሪያዎች ይገድላል፤ ጉድጓዱም ቶሎ ይሞላል፣ ሽታውም ይብሳል፣ ያላለቀው በቅርብ ወዳለ የውሃ ጉድጓድ ይጠጋል። አሴቲክ አሲድ ግን ለእነዚያው ባክቴሪያዎች ምግብ ነው፤ ቀጭን ሆኖ ሲደርሳቸው ይበሉታል። በዚህ ሜዳ ላይ ኮምጣጤን ለዘወትር፣ በረኪናን ለበሽታ ጊዜ መመደብ የሚሻለው ስለዚህ ነው።

«የራሳችን ዕውቀት እያለ ምን ኮምጣጤ አስፈለገ፤ አያቶቻችን በእንዶድና በአመድ ያጥቡ አልነበረም ወይ?» የሚል ሰው ይኖራል፤ ጥያቄውም ክብር ይገባዋል። የእንዶድ ፍሬ ሳፖኒን ስላለው እውነተኛ አረፋ ይሰጣል፣ ሸማ ሲያነጣም ኖሯል። ነገር ግን ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ያስተዋሉት ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ነው፤ ያ ግኝት ቢልሃርዝያን ለሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ መፍትሔ ሆኖ ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘ። እንዶድ ቀንድ አውጣን የሚገድለውን ያህል ዓሣንም ይገድላል። ከጣና ዳር ላለ ቦይ የዘወትር መርጫ ሊሆን የማይችለው ለዚህ ነው። የእንጨት አመድ ቅባት ያነሳል፣ ድስትም ያጸዳል፤ ቅርፊትን ግን የሚያነሳው በመፋቅ ብቻ ነው። በወረታ የሩዝ መፈልፈያዎች ደጅ እንደልብ የሚገኘው የሩዝ ገለባ አመድ ደግሞ አብዛኛው ሲሊካ ስለሆነ ሻካራ ነው፤ የጠቆረ ድስት ላይ ጥሩ ነው፣ ሴራሚክ ላይ ግን ደቃቅ ጭረት ይተዋል፣ በጭረቱም ውስጥ ሻጋታ ይሰፍራል።

ሌላው ተቃውሞ ዝግጁ ማጽጃ መግዛት ይቀላል የሚለው ነው። አቅም ላለው ጥሩ ምርት መግዛት ነውር የለውም። ሆኖም ገበያ ላይ ካለው ብዙው በጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበራት የሚቀመም ነው፤ ሰልፎኒክ አሲድ፣ ኮስቲክ ሶዳ፣ ጨውና ቀለም ተደባልቆ በላርጎነት ይሸጣል፣ በረኪናም እንዲሁ ይቀጥናል። ለብዙ ወጣት እንጀራ የሆነ የተከበረ ሥራ ነው። የሚጎድለው ጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው ነው፤ መጠኑ ካልተጻፈ በስንት እጅ ውሃ እንደሚቀጥን ገዢው ከየት ያውቃል? ውሃው በተጠጣ የላስቲክ ጠርሙስ ተሞልቶ የተሸጠ በረኪናስ ከመጠጥ ውሃ በምን ይለያል? አዲስ አበባ ሆስፒታሎች ውስጥ ስለ መመረዝ የተደረጉ ጥናቶች የቤት ጽዳት ኬሚካሎችን ከዋና ዋና መንስኤዎች ተርታ ያስቀምጣሉ። በቤት የሚሠራውም መርጫ ከዚህ ጥፋት ነጻ የሚሆነው በጠርሙሱ ላይ ስሙና የተሠራበት ቀን ተለጥፎ፣ ልጅ ከማይደርስበት ሲቀመጥ ብቻ ነው። ፎገራ ላይ ልዩ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል፤ የሽንኩርትና የቲማቲም መስኖ ባለበት ሁሉ ባዶ የፀረ ተባይ ጠርሙስና መርጫ አይጠፋም። ያ ዕቃ ስንቴም ቢታጠብ ለሻወር መርጫ አይሆንም።

ሻወር ያለው ጥቂት ሰው ነው፣ ለዚያ ይህን ያህል መጻፍ ቅንጦት ነው የሚል ቢኖር፣ ሻወሩን የሚያጸዱት ባለቤቶቹ አለመሆናቸውን ይመልከት። በአልጋ ቤትና በሆቴል በቀን ብዙ ክፍል የሚያጥቡት፣ መስኮት በሌለው ክፍል በረኪናውን ሲተነፍሱ የሚውሉት የጽዳት ሠራተኞች ናቸው። የወረታ የአልጋ ቤትና የሆቴል ባለቤቶች ሆይ፤ ለሠራተኞቻችሁ ጓንት ግዙላቸው፣ ኮምጣጤና ላርጎ በአንድ መርጫ፣ በረኪናውን ስሙ ተጽፎበት በሌላ ዕቃ ለይታችሁ አስቀምጡላቸው፣ ሁለቱ እንዳይገናኙ ሥራ በጀመሩበት ቀን ንገሯቸው። በሚቀጥለው እድሳትም ከሴራሚኩ በፊት ለሻወሩ ክፍል የሚከፈት መስኮት አውጡለት።